የትልቅ ሆቴል ቡፌ ዋጋውን ያወጣል ወይ? ምን አይቶ መወሰን ይቻላል?

የቅዳሜ ማዕድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በትልልቅ ሆቴሎች ለአንድ ሰው የሚጠየቀው የቡፌ ዋጋ ብዙ ጊዜ እዚያው ሆቴል ውስጥ ከሚሸጥ አንድ ዋና ምግብ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ አንዳንዴም ያልፋል። "እንደ ፈለጋችሁ ስለምትበሉ ያዋጣል" የሚለው መልስ አያጠግብም፤ የሰው ሆድ ልክ አለው። ወጥ ቤቱን፣ ሒሳቡን ወይም የምግብ ንጽሕናውን ጉዳይ በቅርብ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልን። ገንዘቡ የት ይሄዳል? ከመክፈል በፊት ምን ይታያል? የትኛው ምግብ በቡፌ መልክ ጥሩ ሆኖ ይቀርባል፣ የትኛውስ ይበላሻል? የቁርሱና የእራቱ ሒሳብስ አንድ ነው?

ፉድ ኮስት፦
ከሒሳቡ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነውና። መጀመሪያ የተጻፈው ዋጋ በእርግጥ የሚከፈለው ዋጋ መሆኑን አረጋግጡ። ከቁጥሩ አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት ካለ (ሆቴሎች "ፕላስ ፕላስ" የሚሉት) ሰርቪስ ቻርጅና ታክስ ገና አልተጨመሩም ማለት ነው። በብዙ ቦታ ታክሱ የሚሰላው ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ነው። ዋጋው 100፣ ሰርቪሱ 10 በመቶ፣ ታክሱ 15 በመቶ ቢሆን መጀመሪያ 110 ይሆናል፤ የ110 15 በመቶ 16.5 ነውና የምትከፍሉት 126.5 ነው። 125 ብሎ የገመተ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ይመስለዋል፤ ስድስት ሰው ይዞ ሲሄድ ግን ይታወቀዋል። የቡፌውን ዋጋ ሳይደመርበት፣ የአላካርቱን (ከሜኑ ለየብቻ የሚታዘዘውን) ደግሞ ተደምሮበት ማወዳደርም የተለመደ ስህተት ነው። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አስሉ።

ገንዘቡ የት ይሄዳል ለሚለው፣ ከታክስና ከሰርቪስ በፊት ካለው ዋጋ ውስጥ ለጥሬ ዕቃ የሚወጣው ሲሶ ገደማ ነው። ቡፌ ላይ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም ትሪው ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ሁልጊዜ ከሚበላው በላይ ይሠራል። የቀረው ለሠራተኛ፣ ለጋዝና ለመብራት፣ ለልብስ አጠባ፣ ለቤቱ ነው። ቡፌ አስተናጋጅ ይቆጥባል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ሼፎቹ በሩ ከመከፈቱ ብዙ ሰዓት ቀድመው መግባት አለባቸው።

እንግዳው ልብ የማይለው ነገር ይሄ ነው፦ ለ40 ሰው የሚዘረጋ ቡፌና ለ120 ሰው የሚዘረጋ ቡፌ የዓይነቱ ብዛት ያው ነው። ስለዚህ ሰው ባነሰ ቀን ለአንድ ሰው የሚወጣው ወጪ ይጨምራል፤ ሆቴሉም ወጪውን የሚያካክሰው ውድ የሆኑትን ነገሮች በመቀነስ ነው። የባሕር ምግቡ ይሳሳል፣ ሁለት ዓይነት ጥብስ አንድ ይሆናል፣ ሰላጣው ይበዛል። ዋጋው ግን አይቀንስም። ጸጥ ያለ ቀን መርጦ መሄድ ለጨዋታ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለገንዘባችሁ ግን መጥፎ ምርጫ ነው።

ያዋጣል ወይ የሚለውን በጥሬ ዕቃ ዋጋ አትለኩት። "የበላሁት ሥጋ ገበያ ላይ ስንት ነው" ብሎ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው፤ በዚያ ሚዛን ምንም ምግብ ቤት አያዋጣም። የሚሻለው ሚዛን እዚያው ቤት በሜኑ ብታዙ ኖሮ በእርግጥ ምን ታዙ ነበር የሚለው ነው። የአንድ ዋና ምግብ ዋጋ 1 ይሁን። መክፈቻ ምግብ 0.5፣ ጣፋጭ 0.4፣ ትኩስ መጠጥ 0.2 ብንል ድምሩ 2.1 ይመጣል። ቡፌው 2 ከሆነና አራቱንም የምታዙ ሰዎች ከሆናችሁ እኩል ነው፤ ምርጫው ትርፍ ሆነላችሁ። አንድ ሳህን በልታችሁ የምትነሡ ከሆነ ግን ቡፌ መቼም አያዋጣችሁም፤ የጎረቤት ጠረጴዛን ሒሳብ እየከፈላችሁ ነው። ሆቴሉ የሚያቅደው በአማካይ ነው፦ ለአንድ አዋቂ ጠቅላላ ግማሽ ኪሎ ገደማ ምግብ። ትንሽ የሚበላው ብዙ የሚበላውን ይደጉማል።

የወጥ ቤት ሰው፦
ፉድ ኮስት ሒሳቡን በትክክል አስቀምጦታል። እኔ የምጨምረው ግን ሁለት ቡፌ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ሜኑ፣ አንዱ ግሩም ሌላው የማይረባ ሊሆን የሚችልበትን ምክንያት ነው። ነገሩ የትሪው መታደስ ነው። አንድ ትሪ ከወጥ ቤት ወጥቶ እስኪያልቅ ስንት ደቂቃ ይቆማል? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መደበኛው ሙሉ ትሪ 530 በ325 ሚሊ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ግን ይለያያል፦ 65 ሚሊ ሜትር የሆነው 9 ሊትር ገደማ፣ 100 የሆነው 14 ሊትር ገደማ ይይዛል። ጎበዝ ወጥ ቤት ጥልቀት የሌለውን መርጦ ቶሎ ቶሎ ይለውጣል። ሰነፍ ወጥ ቤት ጥልቁን ሞልቶ ይተወዋል፤ ከታች ያለው ሲፈርስ ከላይ ያለው ይደርቃል። ገብታችሁ ትሪዎቹን እዩ፤ ግማሽ የጎደለ ትሪ ላይ አዲስ ሲጨምሩበት ካያችሁ ጥሩ ምልክት አይደለም። ትክክለኛው አሮጌውን አንሥቶ አዲስ ትሪ ማስቀመጥ ነው።

ቻፊንጉ (በሥሩ እሳት፣ በመሐሉ ውሃ ያለው ባለ ክዳን ዕቃ) ምግብን ትኩስ አድርጎ ያቆያል እንጂ የቀዘቀዘን አያሞቅም። በውስጡ ያለው እንፋሎት ለአንዳንዱ ምግብ መድኃኒት ነው፣ ለአንዳንዱ መርዝ።

ይህን እንፋሎት የሚወዱት ምግቦች በዝግታ የበሰሉት ናቸው። ጅማት የበዛበት የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ለሰዓታት በመረቅ ሲበስል ጅማቱ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ያ ጄላቲን ሥጋውን ርጥብ አድርጎ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ምግብ አንድ ሰዓት ቢቆም አይጎዳም፣ እንዲያውም መረቁ ይጠነክራል። ካሪ፣ ወፍራም ሾርባ፣ ባቄላና ምስር ያለባቸው ምግቦች፣ በክሬም የተጋገረ ድንች እንዲሁ።

የሚጠሉት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ጥብስ ድንችና በዱቄት ተለብጦ የተጠበሰ ነገር ሁሉ፦ ከውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ቅርፊቱን ያረጥበዋል፤ ክዳን ካለ በ10 ደቂቃ ያልቅለታል። ፓስታ፦ ሶሱን እየጠጣ ያብጣል። የተጠበሰ ዓሣ፦ ስስ ስለሆነ በትሪው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥልና እንደ ጥጥ ይሆናል። ተፈርፍሮ የተጠበሰ እንቁላል፦ ፕሮቲኑ እየጠበቀ ውሃውን ይተፋል፤ ሲብስ የአስኳሉ ብረትና የነጩ ድኝ ተገናኝተው አረንጓዴ ያስመስሉታል። አልተበላሸም፤ ግን ብዙ ቆሟል። ስቴክ በትሪ ላይ ካያችሁ እለፉት።

ስለዚህ ዋጋውን የሚሸከሙት ፊታችሁ የሚሠሩት ናቸው፦ እንቁላሉ፣ ፓስታው፣ ግሪሉ፣ ጥብሱን የሚቆርጠው ሰው። የቡፌ ሜኑ ሲያሳዩአችሁ የዓይነቱን ብዛት አትቁጠሩ። ስንት ሼፍ ከፊት ይቆማል ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት እንኳ ከሌለ 80 ዓይነት ምግብ ቢደረደር ለከፍተኛው ዋጋ አይበቃም።

ሙሉ ሰሃን፦
እኔ ቀለል ባለ መንገድ ነው የማየው። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሾርባ፣ ለስላሳ መጠጥ አይነኩም። በቀጥታ ወደ ባሕር ምግብና ወደ ጥብስ። ከዚያ አይብ፣ ከዚያ ጣፋጭ። የመደርደሪያው አሰላለፍ ራሱ ይነግራችኋል፤ ርካሹ ከመግቢያው አጠገብ፣ ውዱ ከጥግ ነው። እንዲህ ካደረጋችሁ ያዋጣል።

ቀስ ብሎ በላ፦
ወንድሜ ሙሉ ሰሃን፣ አሰላለፉን በተመለከተ ልክ ነህ፤ ዓላማው ላይ ግን አልስማማም። የከፈሉትን "ለማስመለስ" መብላት ገንዘቡን አይመልስም፤ ገንዘቡ በሩ ላይ አልቋል። አርክስና ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ያሳተሙት ጥናት ላይ የቲያትር የወቅት ትኬት የሚገዙ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ለአንዳንዶቹ ቅናሽ ሰጡ። ሙሉ ዋጋ የከፈሉት በወቅቱ የመጀመሪያ ግማሽ ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ብዙ ቲያትር አዩ። ቲያትሩ ያው ነው፤ የገፋፋቸው የከፈሉት ነው። ቡፌ ላይ ሦስተኛውን ሳህን የሚያስነሳው ይሄው ስሜት ነው፤ ሦስተኛው ሳህን ደግሞ ደስታ ሳይሆን ሥራ ነው።

ሌላው፣ አንድን ምግብ ደጋግመን ስንበላ የዚያ ምግብ ጣዕም ይሰለቸናል፤ ያልነካነው ግን አሁንም ያምረናል። ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቿ በ1981 በሙከራ አሳይተውታል። ከሥጋ በኋላ "ጠገብኩ" ያለ ሰው ለኬክ ቦታ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ከአንድ ውድ ነገር አራት ጊዜ ከማንሣት ከስድስት ነገር ትንሽ ትንሽ መውሰድ ከፍ ያለ ደስታ ይሰጣል። የቡፌ እውነተኛ ጥቅሙም ይሄ ይመስለኛል፤ አላካርት የማይሰጠው ነገር ቅምሻ ነው። የጥጋብ ስሜት እስኪደርስ ደግሞ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከመጀመሪያው ሳህን በኋላ ተቀመጡ፣ አውሩ፣ ከዚያ ተነሡ።

ሙሉ ሰሃን፦
ቅምሻው ላይ ተስማምቻለሁ። ግን ለአንድ ቀን በዓል ብሎ ከፍሎ የሚገባ ሰው ርካሹን ትቶ ውዱን ቢመርጥ ነውር የለበትም። ማንም ዳቦ ለመብላት ያን ያህል አይከፍልም።

ንጹህ እጅ፦
ዋጋ የምታወሩትን ያህል ሙቀት ብታወሩ ደስ ይለኛል፤ ታሞ የሚመለስ ሰው ምንም ዋጋ አላገኘም።

ትኩሱ ትኩስ፣ ቀዝቃዛው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ቁጥሩ እንደ አገሩ ደንብ ይለያያል፤ በአሜሪካ ደንብ ትኩስ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲወርድ አይፈቀድም፣ በእንግሊዝ 63 ነው። ለራሳችሁ 63 ብላችሁ ብትይዙ አትሳሳቱም። ቀዝቃዛው 5 ዲግሪና ከዚያ በታች። በሁለቱ መካከል ያለው ሙቀት ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። ያለ ማሞቂያና ያለ በረዶ የሚቀመጥ ምግብ ካለ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ከዚያ ይጣላል። ወደ ፍሪጅ ተመልሶ ለነገ የሚባል ነገር የለም።

በቡፌ የታወቀው ችግር ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ዘሩ (ስፖሩ) በመብሰል አይሞትም። ትልቅ ድስት ሥጋና መረቅ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ወይም ለብ ብሎ ሲቆም ይነቃል፤ 43 ዲግሪ አካባቢ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ስለዚህ ትሪው ላይ ያለው ለብ ያለ ወጥ ከቀዘቀዘው ሰላጣ ይበልጥ ያስፈራል። ሩዝ ደግሞ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል የራሱ ጣጣ አለው፤ ተቀቅሎ በክፍሉ ሙቀት የቆየ ሩዝ እንደገና ቢጠበስም ባክቴሪያው የተወው መርዝ በሙቀት አይጠፋም።

ትርፍ ምግብ መጠቀም በራሱ ጥፋት አይደለም። ለእንግዳ ያልቀረበ ጥብስ በነጋታው ሾርባ ውስጥ ቢገባ፣ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 በተጨማሪ 4 ሰዓት ከቀዘቀዘና ሲሞቅ 74 ከደረሰ ደህና ነው። የማይፈቀደው እንግዳ ፊት ቀርቦ የነበረውን መመለስ ነው።

የቅዳሜ ማዕድ፦
ንጹህ እጅ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን እንግዳ ቴርሞሜትር ይዞ አይዞርም። በዓይን ምን ይታያል?

ንጹህ እጅ፦
ብዙ ነገር ይታያል። ክዳኑን ስትከፍቱ እንፋሎት መውጣት አለበት፤ ክዳኑ ከውስጥ ደረቅ ከሆነ ከሥሩ ያለው ውሃ አልቋል ወይም እሳቱ ጠፍቷል። ጎንበስ ብላችሁ እሳቱን ማየት ነውር አይደለም። የምግቡ ገጽ ቆዳ ካበጀ ወይም ዘይቱ ረግቶ ነጭ ከሆነ ሙቀቱ ወርዷል።

ቀዝቃዛው ላይ ትሪው በረዶው *ውስጥ* ይሁን፤ በረዶው ላይ የተቀመጠ ትሪ ከታች ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው። በረዶው ምግቡ እስካለበት ከፍታ ድረስ ትሪውን መክበብ አለበት። የቀለጠ ውሃ የሚዋኝበት በረዶ ማንም ዞር ብሎ እንዳላየው ይናገራል። ማዮኔዝ ያለባቸው ሰላጣዎች ዳር ዳራቸው ቢጫና ግልጽ ከሆነ ተዉአቸው። የተቆረጠ ሐብሐብና ሜሎንም ከቀዝቃዛው ወገን መሆናቸው ይረሳል፤ ጠረጴዛ ላይ ለጌጥ ተቆልለው የዋሉትን አትንኩ።

ጭልፋውንም እዩ። ለየትሪው የራሱ መሆን አለበት፤ እጀታው ምግቡ ውስጥ ከገባ አስተናጋጁን ጠርታችሁ እንዲለወጥ ጠይቁ። ከራሳችሁ ጋር ደግሞ እጅ መታጠብ፤ ያን መያዣ ከናንተ በፊት መቶ ሰው ይዞታል። ለሁለተኛ ዙር አዲስ ሳህን ውሰዱ።

አለርጂ ያለበት ሰው ለብቻው ያስብ። ኦቾሎኒ ያለበት ሰላጣ ማንኪያ አጠገቡ ካለው ሳህን ሲገባ ማንም አያይም። በካርዱ ላይ "ለውዝ የለውም" ቢልም መደርደሪያው ላይ ዋስትና የለም። ትክክለኛው መንገድ ቀድሞ ደውሎ መንገርና የራስን ምግብ ከወጥ ቤት በተለየ ሳህን እንዲያመጡ ማድረግ ነው። ጥሩ ሆቴል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያደርገዋል። እምቢ ካለ፣ አለርጂው ጽኑ ለሆነ ሰው ቡፌው አያዋጣም ብቻ ሳይሆን አይገባበትም።

የባሕር ጨው፦
ስለ ባሕር ምግቡ ልናገር፤ ከፍ ያለውን ዋጋ የሚያስከፍለው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና።

የኪንግ ክራብ (ትልቅ የባሕር ሸርጣን) እግር ቡፌ ላይ ስታዩ አዲስ የተያዘ አይደለም፤ ከተያዘ ብዙም ሳይቆይ ተቀቅሎ በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል፣ ሆቴሉ በረዶውን ብቻ ያቀልጠዋል። ይሄ ጉድለት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ችግሩ ቀልጦ ብዙ ሲቆይ ሥጋው እንደ ስፖንጅ ሆኖ ጨውና ውሃ ብቻ ሲቀር ነው። ተሰንጥቆ የቀረበ ከሆነ የሥራውን ግማሽ ሠርተውላችኋል። ውሃ ባልያዘ በረዶ ላይ ከተደረደረው እንጂ ውሃ ውስጥ ከተኛው አታንሡ።

ሽሪምፕ በቁጥር ይሸጣል። 16/20 ማለት በአንድ ፓውንድ፣ ማለትም በ454 ግራም ውስጥ ከ16 እስከ 20 ፍሬ ይገባል፤ አንዱ ከ23 እስከ 28 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። 31/40 የሆነው ከ11 እስከ 15 ግራም ነው። ዋጋቸው በጣም ይለያያል፤ ትልልቁን የሚያቀርብ ሆቴል ለጥሬ ዕቃ ገንዘብ አውጥቷል። ጥብቅ ብሎ ክብ የሠራው ሽሪምፕ ከልክ በላይ በስሏል፤ ግማሽ ክብ ያለው ደህና ነው።

ኦይስተር (በዛጎል የሚኖር የባሕር እንስሳ) ሕያው ሆኖ ፊታችሁ ሲከፈት ብቻ ነው ዋጋ ያለው። በዛጎሉ ውስጥ የራሱ ውሃ መኖር አለበት፤ የደረቀ ከሆነ ከተከፈተ ቆይቷል። ነፍሰ ጡር፣ የጉበት ሕመም ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ጥሬውን አይንካ፤ ቪብሪዮ የሚባለው የባሕር ባክቴሪያ ለእነሱ ቀልድ አይደለም።

ሱሺ ላይ ሩዙን ቅመሱ። ደረቅና ቀዝቃዛ ከሆነ ከፍሪጅ የወጣ ነው። ጥሬ የሚበላ ዓሣ (ቱናንና አንዳንድ የእርባታ ዓሣን ሳይጨምር) ጥገኛ ትሉን ለመግደል ቀድሞ መቀዝቀዝ አለበት፦ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች 7 ቀን፣ ወይም በ35 ከዜሮ በታች 15 ሰዓት፤ የአሜሪካ ደንብ ይሄ ነው። ስለዚህ "በረዶ አይቶ የማያውቅ" ሳልሞን ብሎ የሚመካ ካለ አትደነቁ፣ ጠይቁ።

የተሸፈነ ሎብስተር በትሪ ላይ ቆሞ ከሆነ ግን ስሙን ብቻ ነው የምትበሉት። ጎማ ይሆናል።

የወጥ ቤት ሰው፦
ስለ ጥብሱ አንድ ነገር ልጨምርበት። ትልቅ የበሬ ጎድን ከምድጃ የሚወጣው ውስጡ 52 ወይም 54 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ 20 ወይም 30 ደቂቃ ሲያርፍ ሙቀቱ በራሱ ይጨምርና 57 አካባቢ ይቆማል። መብራቱ ሥር ሲቀመጥ የተቆረጠው ፊት ቶሎ ይጠቁራል። ቆራጩን "ከመሐል፣ አዲስ ፊት ከፍተህ" በሉት፤ ጨዋ ጥያቄ ነው፣ ሼፍ አይከፋበትም። በደንብ የበሰለ የምትወዱ ከጫፉ ጠይቁ፤ ቅመሙም እዚያ ነው ያለው። አንድ ቁራጭ 100 ግራም ገደማ ነው። ስስ አድርጎ እንዲቆርጥ ብትጠይቁ ጥርስ አይታገለውም፤ ሁለተኛ መመለስም ይቻላል። መረቁን ከሥጋው አጠገብ እንጂ በላዩ አታድርጉ።

ጣፋጭ ሊጥ፦
ዳቦና ጣፋጭ እንዲህ መናቁ አላስደሰተኝም። በብዙ ቡፌ ላይ ከፍተኛው የእጅ ሥራ ያለው እዚያ ነው። እውነተኛ የቅቤ ክሮሳ ለመሥራት ሊጡ ከቅቤው ጋር እየታጠፈ፣ በየመሐሉ ፍሪጅ ውስጥ እያረፈ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሰው ቤቱ አያደርገውም። ክሮሳውን ስበሩት፦ ውስጡ እንደ ማር ቀፎ ክፍት ከሆነ፣ ቅርፊቱ ከተፈረፈረና ጣት ላይ የቅቤ ሽታ ከቀረ እዚያ ያለው ጋጋሪ ሥራውን ያውቃል። ውስጡ እንደ ዳቦ ድፍን ከሆነ፣ ምላስ ላይ የሰም ስሜት ከተወ፣ ማርጋሪን ነው። ሁሉም በአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት እኩል ከሆኑ ደግሞ ቀዝቅዞ የመጣ የፋብሪካ ሊጥ ሊሆን ይችላል፤ ይሄኛው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ግን ለሱ የእጅ ሥራ ዋጋ አትክፈሉ።

በትንንሽ ብርጭቆ የተደረደሩ ጣፋጮች ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ አንድ ክሬም ነው፤ ከላይ ያለው ቀለም ብቻ ይለያያል። ሁለት ቅመሱና ከተመሳሰሉ ሌሎቹን ተዉ። ታርት ከታች ተጭኖ የረጠበ ከሆነ ከጧት ጀምሮ ቆሟል። አይብ ከፍሪጅ ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል ካልቆየ ጣዕም አይሰጥም፤ ላብ ካወጣ ደግሞ ብዙ ቆይቷል።

የጉዞ ሒሳብ፦
ስለ ቁርሱ ማንም አልመለሰምና እኔ ልሞክር። የቁርስ ቡፌና የእራት ቡፌ ሒሳባቸው አንድ አይደለም። የቁርሱ ጥሬ ዕቃ ርካሽ ነው፤ እንቁላል፣ ዱቄት፣ ወተት፣ ፍራፍሬ። ስለዚህ በር ላይ የሚጠየቀው ዋጋ ከእራቱ ይልቅ ለሆቴሉ ያተርፋል። በር ላይ መክፈል እምብዛም አያዋጣም።

የክፍሉን ዋጋ ቁርስ ያለበትንና የሌለበትን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ። ልዩነቱን በሰውና በሌሊት ብዛት አካፍሉት። ለሁለት ሰው ለሦስት ሌሊት ልዩነቱ 60 ከሆነ፣ 60 ለ6 ሲካፈል ለአንድ ቁርስ 10 ነው፤ በር ላይ 25 ከሆነ በቅድሚያ መግዛቱ ግልጽ ነው። የመጨረሻው ቀን በማለዳ የምትወጡ ከሆነ ግን ያን ቁርስ ከቁጥሩ አውጡት፤ 60 ለ4 ሲካፈል 15 ይሆናል። በዚህ ሁኔታ የመንገድ ቁርስ በሳጥን እንዲያዘጋጁላችሁ ከዋዜማው ጠይቁ፤ ብዙ ትልልቅ ሆቴሎች ያደርጉታል።

የልጆች ዕድሜ ወሳኝ ነው። ከ6 ዓመት በታች ነጻ፣ እስከ 12 ግማሽ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ግን በቁመት ወይም በሌላ ዕድሜ ይቆርጣል። ጽሑፉን አንብቡ። ግማሽ የሚከፍል ልጅ ብዙውን ጊዜ ፓንኬክና ፍራፍሬ ነው የሚበላው፤ ለእሱ አንድ ሳህን ማዘዝ ሊረክስ ይችላል።

ቁርስ ላይ ዋጋ ያለው በትዕዛዝ የሚሠራው እንቁላል፣ የተጨሰ ሳልሞን፣ ቤሪ ፍራፍሬና በማሽን የተፈላ ቡና ነው። ብዙ ቦታ በጆግ ከቆመው ቡና ሌላ ለጠረጴዛ አስተናጋጅ የሚያመጣው አለ፤ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ጭማቂው ትኩስ ተጨምቆ ከሆነ ሲቆም ብዙ ጊዜ ከታች ይዘቅጣል።

ሙሉ ሰሃን፦
የጉዞ ሒሳብ፣ የማለዳ መውጫውን አላሰብኩትም ነበር። ጥሩ ነጥብ ነው። እራት ላይ መቼ መግባት ይሻላል?

የወጥ ቤት ሰው፦
በሩ ሲከፈት፣ ወይም ከተከፈተ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤቱ ሲሞላ። በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ሁሉም ሙሉና ያልተነካ ነው። መሐሉ ላይ ትሪው በፍጥነት ስለሚለወጥ አሁንም ጥሩ ነው። የመጨረሻዎቹ 45 ደቂቃዎች ግን ወጥ ቤቱ ውድ ነገር መጨመር ያቆማል፤ ግማሽ ትሪ ያወጣል፣ ሁለት ትሪ ወደ አንድ ይገለብጣል። ዋጋ ሳይቀንሱ በዚያ ሰዓት የሚያስገቡ ቤቶች አሉ፤ አትግቡ።

ሲገቡ ሳህን ሳያነሡ አንድ ጊዜ ሙሉውን መዞር ልማድ ይሁን። ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ምን በትዕዛዝ እንደሚሠራ፣ የትኛው ትሪ አሁን እንደተለወጠ ታያላችሁ። የመጀመሪያው ሳህን ቀዝቃዛው ይሁን፤ ቅጠሉን ያለ ሶስ ውሰዱ፣ ሶሱ ጨውና አሲድ ስላለው ቅጠሉን በደቂቃዎች ያጠወልገዋል። ትኩስና ቀዝቃዛ በአንድ ሳህን አታቀላቅሉ። ጥብስ ድንች ካማራችሁ አዲስ ሲወጣ ጠብቁ።

ሳህኑ ትንሽ ነው ብላችሁ ደግሞ አትከፉ። በኖርዌይ ሆቴሎች ተሠርቶ በ2013 የወጣ ጥናት፣ ሳህኑን ማሳነስ ብቻ የሚጣለውን ምግብ በ20 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ደጋግመው መመለስ እንደሚችሉ የሚነግር ጽሑፍ ማስቀመጥም ተቀራራቢ ውጤት ሰጥቷል። የሚጣለው ምግብ ወጪው ተመልሶ ዋጋችሁ ላይ ነው የሚደመረው።

የቅዳሜ ማዕድ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከመሄድ በፊት ስልክ ደውሎ ምን ምን መጠየቅ ይገባል? መቼም ሁሉንም ማብራሪያ በስልክ አይሰጡም።

ፉድ ኮስት፦
አምስት ጥያቄ ይበቃል፤ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። "የነገሩኝ ዋጋ ታክስና ሰርቪስ ተጨምሮበት ነው?" "ውሃ፣ ቡናና ሻይ ውስጥ አሉ?" (ውሃ ለብቻው ሲቆጠር ሒሳቡን የሚያሳድግ ነው፤ ያልታዘዘ የታሸገ ውሃ ጠረጴዛ ላይ ከተከፈተ ይከፈልበት እንደሆነ ጠይቁ።) "በዚያ ቀን ስንት ሰው ተመዝግቧል?" "ከፊት የሚሠሩት የትኞቹ ናቸው፣ የባሕር ምግብ አለ?" "ጠረጴዛው የሰዓት ገደብ አለው?" ብዙ ቦታ ሁለት ሰዓት ነው የሚሰጡት፤ ዘግይቶ የሚመጣ እንግዳ ካላችሁ ሰዓቱ ከመቼ እንደሚቆጠር አስረግጡ።

የተመዘገበውን ሰው ብዛት ባይነግሯችሁ አይገርምም። "ጠረጴዛ በቀላሉ ይገኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። "የፈለጋችሁት ሰዓት ኑ፣ ባዶ ነው" ካሉ በዚያ ቀን አላካርት እዘዙ።

ንጹህ እጅ፦
በዚያው ስልክ አለርጂውንም ንገሩ። የተቀበለውን ሰው ስም ጻፉ፤ ስትደርሱ ለአስተናጋጁ ሳይሆን ለተረኛው ሼፍ ድገሙት።